ደረሳ ሼሁን አይቀሰቅስም

ያን ክረምት ከውሰር ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት እኔ ሱቅ ትመጣና ስልኩ አጠገብ ባለችው አግዳሚ ላይ ትቀመጥ ነበር። ስልኩ የእኔ ነው፤ መስመሩ የመንግሥት፣ ወሬው የሰፈሩ። ዘጠና ስድስት ዓመተ ምሕረት መሆኑ ነው። በእጅ የሚያዘውን ስልክ በወሬ እንጂ በዓይን ገና አናውቀውም። ከጅቡቲም ሆነ ከጅዳ የሚደወል ሁሉ እኔ ዘንድ ይጮሃል፤ እኔም ደጅ ወጥቼ በእገሌ እናት ስም እጮሃለሁ።

ከውሰር ግን የሚጠራት አልነበራትም። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ሻሿን ታስተካክላለች፣ ቀና ትላለች፤ ለሌላ ሰው መሆኑን ስትሰማ መልሳ ደብተሯ ላይ ታቀረቅራለች።

"ከዚህ ስልክ ጋር ታጭተሻል እንዴ?" እላታለሁ። "ከታጨሽ ንገሪኝ፤ እኔ አሳዳጊው ነኝ፣ ሽማግሌ ወደ እኔ ነው የሚላከው።"

"አዳዳ አሻ ደግሞ፣" ብላ ፈገግ ትላለች። አዳዳ በኦሮምኛ አክስት ማለት ነው። አክስቷ አይደለሁም፤ ግን የእነሱን ግቢና የእኛን ግቢ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው፣ እሱም ቢሆን መሃሉ ተቀዶ ድመት ያሳልፋል። እናቷ ከሞተች ወዲህ ጸጉሯን ስሠራላት ያደገች ልጅ ናት። አባቷ ሼህ ሙሀመድኑር ናቸው፤ ኪታብ የሚያስቀሩ፣ ከጨፋም ከሰንበቴም ከባቲም ደረሳ፣ የኪታብ ተማሪ፣ ሲመጣላቸው የኖረ ትልቅ ሰው።

እሷ ደግሞ ከአባቷ ኪታብ ርቃ፣ አውቶቡስ ሁለት ቀን በሚሄድበት ዩኒቨርሲቲ እርሻ ትማራለች። በዚያ ዓመት መምህሯ ከተማሪዎቹ ጥቂቶቹን መርጦ፣ ክረምቱን ዝም ብላችሁ አትቀመጡ፣ በየአገራችሁ አንድ ነገር መርምራችሁ ኑ ብሏቸው ኖሯል። አንዱ ስለ ዶሮ ወሰደ፣ አንዱ ስለ ማሽላ። የእኛዋ ቅንጬን መረጠች።

"ሌላ ጠፍቶ?" አልኳት።

ቅንጬ ስል የሚበላውን አይደለም። አበባው የተከካ እህል የሚመስል አረም ነው፣ ስሙንም ከዚያ ነው የወሰደው። በልጅነቴ አላውቀውም፤ ሽማግሎች ከእርዳታ ስንዴ ጋር መጣ ይላሉ። እንደመጣ ከመንገድ ዳር ወደ ማሳ፣ ከማሳ ወደ ግጦሽ ገባ። ሳሩን እየገፋ ሜዳውን ይወስዳል፤ ላም ሳር ስታጣ እሱን ትበላለች፣ ወተቱም ይመራል። የመረረ ወተት ለእንግዳ አቅርቦ የተዋረደ ሰው በሰፈራችን ሞልቷል። ልጅቱ ያንን አይታ ነው የመረጠችው፤ እኔ ግን ለመቀለድ አፌ ይፈጥናል።

ሥራዋ እንዲህ ነበር። ወደ ጨፋ ስትወርዱ፣ ቦርከና ወንዝ ዳር፣ አያ በድሩ የሚባል ገበሬ የግጦሽ መሬት አለው። ከዚያ ጥግ ላይ ሦስት ቁራጭ መሬት በእሾህ አጠረች። በአንደኛው ቅንጬውን ሳያብብ ከነሥሩ ትነቅላለች። በሁለተኛው በማጭድ ታጭደዋለች። ሦስተኛውን አትነካውም፤ እንዲሁ ይደግ። ከዚያ የትኛው ላይ ሳሩ እንደሚመለስ ታያለች፣ ታጭዳለች፣ ትመዝናለች። የምትመዝነው በማን ሚዛን ነው? በእኔ በስኳሩ።

ያ ያልተነካው ቁራጭ ነው ነገሩን ሁሉ ያመጣው። መምህሯ ሲሸኛት፣ እሱን እኔ ሳልነግርሽ እንዳትነኪው ብሏታል። አያ በድሩ ደግሞ መሬቱን ሲፈቅድላት፣ አበባው ወደ ፍሬ ሳይዞር ይነቀል፣ አለዚያ ዘሩ በከብቴ ላይ ይበተናል ብሏታል። ለሁለቱም እሺ አለች። ያኔ ሐምሌ ነው፣ ቅንጬው ገና ቅጠል ነው፣ እሺ ማለት ቀላል ነው።

ከመምህሯ ጋር የተፈራረመችበትን ወረቀት አምጥታ አሳየችኝ። እኔም ስምንተኛ ክፍል ድረስ በከንቱ አልሄድኩም፣ ራሴ አነበብኩት። ከላይ "ከተማሪው የሚጠበቅ" ይላል፤ ታማኝ እንዲሆን፣ ሥራውን በሰዓቱ እንዲሠራ፣ ያላየውን አየሁ እንዳይል። ከታች "ከአማካሪው የሚጠበቅ" ይላል፤ ተማሪውን እንዲከታተል፣ እንዲመራ፣ ለጥያቄው መልስ እንዲሰጥ። በየሳምንቱም በስልክ ይገናኛሉ ይላል፤ ሐሙስ ከሰዓት ደግሞ መምህሩ ቢሮው ነው።

"'ከጎረቤት የሚጠበቅ' የሚለው የታለ?" አልኳት።

"እሱን አልጻፉትም።"

"ይጻፉት። ሚዛን፣ ስልክ፣ አግዳሚ። ሻይም አለ።"

ሐሙስ መጣ፣ ስልኩ ለእሷ አልጮኸም። ሌላም ሐሙስ መጣ። ከውሰር ከጨፋ እግሯ ጭቃ እንደለበሰ ትመጣለች፤ ቅንጬ ቆዳ ስለሚያሳክክ እጇን በፌስታል ጠቅልላ ነው የምትሠራው፣ ያም ሆኖ ክንዷ ሽፍ ብሏል። ቅባት እሰጣታለሁ፣ ትቀባለች፣ ትቀመጣለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ስልኩ ጮኾ እንዳያመልጣት ወደ ሳጥኑ ጠጋ ትላለች። ጎን ሱቅ ያለችው ቶይባ ሳሙና ልትበደር እያለች ትመጣና ቀስ ብላ፣ ይቺ የሼህ ልጅ የማንን ስልክ ነው የምትጠብቀው ትለኛለች። የቅንጬ አማቻችንን እላታለሁ። እሷም ወንድ እንዳለ ገባት፣ ምን ዓይነት ወንድ እንደሆነ ግን አልገባትም፤ ቀሪውን ራሷ ሞላችው።

በመጨረሻ እኔም ደከመኝ። "ለምን አንቺ አትደውዪለትም?" አልኳት። "ቁጥሩ በእጅሽ፣ ስልኩ በጉልበትሽ አጠገብ። እኔ እመታልሻለሁ።"

ጫማዬን ሳላወልቅ መስጊድ የገባሁ ይመስል አየችኝ። "መምህር ይጎተጎታል እንዴ አዳዳ? ሲፈልገኝ ይጠራኛል።"

ይህንን የተናገረችው ዩኒቨርሲቲ የተማረችው ልጅ አይደለችም። የሼህ ሙሀመድኑር ቤት ነው የተናገረው።

እዚያ ቤት ትምህርት እንዴት እንደነበር ከአጥር ማዶ ሆኜ ስሰማ ኖሬያለሁ። ደረሳው ሼሁ ፊት ምንጣፍ ላይ እግሩን አጥፎ ይቀመጣል፣ ያነባል። ሼሁ ዓይናቸውን ጨፍነው ሙስበሃቸውን፣ መቁጠሪያቸውን፣ ይዘው ያዳምጣሉ። ልክ ሲሆን "ቀጥል" ይላሉ። ሲሳሳት ግን ተሳሳትክ አይሉም። ዝም ይላሉ። ደረሳው በዝምታቸው ስህተት እንዳለ ያውቃል፤ ወደኋላ ይመለሳል፣ መስመር በመስመር ይፈልጋል፣ ሲያገኘው ያርመዋል፣ ያኔ "ቀጥል" ይባላል። አንድ የባቲ ልጅ አንዲት መስመር ላይ ከዓሱር ሶላት እስከ መግሪብ ሶላት ሲመላለስባት ሰምቼ፣ እኔ ራሴ በአጥር አሻግሬ ልነግረው ቃጥቶኝ ነበር፤ የማላውቀው አረብኛ ሆነብኝ እንጂ። የተቀመጠ ደረሳ ሼሁን ይምጡ አይልም፣ ይንገሩኝ አይልም፣ ስማቸውን እንኳ አይጠራም። ይጠብቃል።

ከውሰር በዚያ ቤት ነው ለደረሳው ውኃ እየቀዳች ያደገችው። ቁርኣንን ያስቀራቻት እናቷ ናት፤ ሼሁ የሰው ወንድ ልጆች ነበሩባቸው። እሷ ከመጋረጃው ወዲያ ሆና ትሰማለች። ትንሽ ሆና በቆሎ ሲደርስ የበቆሎ እሸቱን በረድፍ አስቀምጣ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ በወፍራም ድምፅ "ቀጥል" ስትል አጥሩ ቀዳዳ ላይ ሆኜ ስቄባታለሁ። በቆሎዎቹ ሁሉ ጎበዞች ነበሩ፤ አንዱም ተሳስቶ ዝም ያለችበት አልነበረም።

ስለዚህ መምህሯ ዝም ሲላት እሷ ምን ማሰብ ነበረባት? ተሳስቻለሁ አለች። አንድ ሐሙስ ይህንኑ ነገረችኝ። ደብተሯን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ እንዳየችው፣ የመዘነችውን ሁሉ ሄዳ መልሳ እንደመዘነች፣ አጥሩንም ነቅላ መልሳ እንዳጠረች።

"የት ላይ እንደተሳሳትኩ አላገኘሁትም አዳዳ፣" አለችኝ። "እሱ ግን አይቶታል። አይቶት ነው ዝም ያለኝ።"

"ከዚያ ሁሉ አገር ሆኖ በምን ዓይኑ አየው?"

አልሳቀችም። እኔም መሳቂያው የት እንደሆነ ጠፋኝ።

ነሐሴ ሲጋመስ ዝናቡ ፋታ ሰጠ፣ ጨፋም አረንጓዴ ሆነች። አንድ ሐሙስ ጠዋት አያ በድሩ ወደ ሱቄ መጣ። ዱላውን ደጃፉ ላይ አስደግፎ፣ አካም ቡልቴ፣ እንደምን አደርክ ተባብለን፣ ስለ ከብቱም ስለ ቤተሰቡም ተጠያይቀን እስክንጨርስ ጉዳዩን አላነሳም። ካነሳው በኋላ ድምፁ ዝቅ አለ። ያልተነካው ቁራጭ ነጭ ሆኗል አለኝ፤ በረዶ የወረደበት ይመስላል። ለልጅቱ ሦስት ጊዜ ነገራት፣ መምህሬ ሳይነግረኝ አለችው። እሱም እሷን መጫን አሳፈረው።

"እኔ ለሼህ ልጅ መሬት አልነፈግሁም፣" አለ። "ግን ነፋሱ ከጀመረ ዘሩ የእኔ ብቻ አይደለም፣ ጨፋን ሙሉ ነው። ነገ ከጁምዓ በኋላ ከልጆቼ ጋር ገብተን እንነቅለዋለን። እሷን እንደጠላሁ አድርገሽ አትንገሪልኝ።"

እንግዲህ ቢነቅሉት የክረምቷ ሥራ ሳይመዘን፣ ሳይታይ፣ ከማሳው ጋር መጥፋቱ ነው። ቢተዉት ደግሞ ከሰው ጋር የገባችው ቃል ይጠፋል። የሚፈታው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ዝም ያለው ነው። ሐሙስ ደግሞ ዛሬ ነው።

ከሰዓት ከውሰር መጥታ አግዳሚዋ ላይ ስትቀመጥ፣ ሱቁን ለቶይባ አደራ ብዬ ወደ ሼሁ ተሻገርኩ። በአጥሩ ቀዳዳ ልሾልክ አሰብኩና ዕድሜዬን አስታውሼ በበሩ ዞርኩ።

ሼህ ሙሀመድኑር ደጃፋቸው ላይ ኪታብ ገልጠው ተቀምጠዋል። በዚያን ጊዜ ደረሳ ቤታቸው ጭር ብሎ ነበር። ልጆቹ ወደ ጅዳም ወደ ጅቡቲም፣ አንዳንዱም ወደ ንግድ ሄደው፣ ምንጣፉ ተጠቅልሎ ግድግዳው ላይ ቆሟል። እሳቸው ግን ሰዓቱ ሲደርስ ኪታቡን ይገልጡታል። ዓይናቸው ግን ከገጹ ይልቅ ከባቲ የሚመጣው መንገድ ላይ ነው። አልፎ ሂያጅ ሁሉ ኮቴውን ዝግ ሲያደርግ እሳቸው ወደ ምንጣፉ ዞር ይላሉ።

"ሼህ፣ ልጅዎ ከእኔ ስልክ ጋር ልትዳር ነው፤ ይወቁልኝ፣" ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ወረቀቱን፣ መምህሩን፣ ነጩን አበባ፣ አያ በድሩን።

ዝም አሉ። እንዲያ ዝም ሲሉኝ እኔም በሆዴ ወደኋላ ተመልሼ የት ላይ እንደተሳሳትኩ መፈለግ ጀመርኩ። በልጃቸው ቀልዱን አበዛሁት ይሆን እያልኩ ሳለሁ፣ "ዝም ያላት ከመቼ ወዲህ ነው?" አሉኝ።

"ክረምቱን ሙሉ።"

"እሷስ ምን ታደርጋለች?"

"ስህተቷን ትፈልጋለች።"

ኪታቡን ዘጉት። ጥምጥማቸውን አስተካከሉ፣ ምርኩዛቸውን አነሱ፣ ከእኔ ፊት ቀድመው ወጡ። ያን ያህል ዘመን ጎረቤት ሆነን ሱቄ ገብተው ተቀምጠው አያውቁም ነበር።

ከውሰር ከአግዳሚዋ ብድግ አለች። እሳቸው በቦታዋ ተቀመጡ። ቶይባ ደግሞ አደራዋን አስረክባኝ መሄድ ቢገባትም አልሄደችም፣ ክብሪት ትቆጥር ጀመር።

ሼሁ ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው፣ "ደረሳ ሼሁን አይቀሰቅስም፣" አሉ።

"አዎ አባ።"

"ሶላት ሲደርስስ?"

ከውሰር መሬት መሬት አየች። "ሶላት ሲደርስ ይቀሰቅሰዋል።"

"አበባው ነጥቷል አሉኝ።"

"ነጥቷል አባ።"

"እንግዲያስ ደርሷል። ቀስቅሺው።"

ቁጥሩን መታሁላት። ቸኩዬ ሁለቴ ተሳሳትኩ። በመጨረሻ የቢሮው ጸሐፊ አነሳች፤ የከውሰርን ስም ስትሰማ፣ ውይ የት ጠፋሽ፣ መምህሩ እኮ በየሳምንቱ ደወለች ወይ እያለ ሲጠይቀኝ ነበር አለች። የእኔ ስልክ ድምፁ ከቀፎው አልፎ እስከ መንገዱ ይሰማል፤ መደበቅ አይቻልም። ከዚያ የወንድ ድምፅ መጣ።

"ከውሰር? እኔ እኮ ሥራውን ትተሽው መስሎኝ ነበር።"

"ዝም ሲሉኝ የተሳሳትኩ መስሎኝ ነው፣" አለች።

"ምን ላይ?"

"እሱን ነው ያጣሁት።"

መምህሩ ሳይቆጣ፣ ቃል በቃል እያስቀመጠ ነገራት። ሥራዋን ሳያይ ስህተቷን ሊያውቅ እንደማይችል፣ ዝም ያለውም እሷ ስላልደወለች እንደሆነ። ለምን እሱ እንዳልደወለ ደግሞ ራሱ አነሳው። "የሰጠሽኝ የጎረቤት ሱቅ ቁጥር ነው። ወንድ መምህር በየሳምንቱ እየደወለ ሴት ልጅ ያስጠራል ቢባል ለስምሽ አይበጅም ብዬ ነው የተውኩት። ሰው ያወራል።"

እኔ መደርደሪያው ላይ ያለውን ሳሙና ማስተካከል ያዝኩ። ቶይባም ክብሪቷን እንደገና ከአንድ ጀመረች።

ያልተነካው ቁራጭ ማበቡን፣ አያ በድሩ ነገ ሊነቅለው መሆኑን ነገረችው። እሱም፣ ከመወሰናችን በፊት ያየሽውን ሁሉ ከመጀመሪያው አንብቢልኝ አላት። ከውሰር ደብተሯን ገለጠች።

ማንበብ ጀመረች። መጀመሪያ ቀስ ብላ ነው፤ ቀፎው እጇ ላይ ይንሸራተታል። ሳያብብ ከነሥሩ የተነቀለበት ላይ ሰርዶው ከዳር እየሳበ ወደ መሃል መግባቱን አነበበች። በማጭድ የታጨደበት ላይ ደግሞ ቅንጬው ከጉቶው እንደገና ቅርንጫፍ ማውጣቱን፣ ከበፊቱ ብሶ መብዛቱን። ድምፅዋ እየጠራ መጣ። ወደ ሦስተኛው፣ ወዳልተነካው ስትደርስ፣ ቀፎው ውስጥ አንዳች ነገር ተንጫጫና ጸጥ አለ።

"ሃሎ፣" አለች። ጸጥ።

መስመር ነው። በክረምት በሐርቡ ከተማ በኩል ሰማይ ካጉረመረመ የእኔ ስልክ ያስነጥሰዋል፣ ይሞታል፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። እሷም ታውቀዋለች። ግን ቀፎውን ቀስ ብላ አስቀመጠችው፣ ደብተሩን አንድ ገጽ ወደኋላ መለሰች፣ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ስትፈልግ አየኋት። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። መስመሩ ነው እኮ ልጄ ልላት አፌን ከፈትኩ።

"ቀጥዪ።"

የተናገሩት ሼህ ሙሀመድኑር ናቸው። ዓይናቸው ተጨፍኗል። ሙስበሃው በእጃቸው አለ።

ከውሰር ቀና ብላ አየቻቸው። ስንት ወንድ ልጅ የተባለውን ቃል ከመጋረጃ ወዲያ ሆና ስትሰማ የኖረች ልጅ፣ ጆሮዋን አላመነችም መሰለኝ። ከዚያ ባዶ የስኳር ጆንያ ስባ መሬት ላይ አነጠፈች፣ ፊታቸው እግሯን አጥፋ ተቀመጠች፣ ያቋረጠችበትን መስመር ይዛ ማንበብ ቀጠለች። ያልተነካው ቁራጭ ላይ ሰርዶ እንደሌለ፣ ቅንጬው ከጉልበቷ በላይ እንደሆነ፣ ከሥሩ መሬቱ ራቁቱን እንደቀረ። አንድ ገጽ ስትጨርስ ዝም ትላለች፤ "ቀጥዪ" ይሏታል።

በዚህ መሃል ስልኩ ጮኸ።

ክረምቱን ሙሉ የጠበቅነው ጩኸት ነው። ከውሰር አፏ ላይ ያለው ቃል ግማሽ ላይ ነው፤ ዓይኗ ወደ ስልኩ ሄደ። ሼሁ ዓይናቸውን ሳይገልጡ አንድ ጣታቸውን አነሱ። መሃል ላይ አይቋረጥም ማለታቸው ነው። እሷም ቀጠለች። እኔ ቀፎውን አነሳሁ።

"ኢብራሂም እባላለሁ፣ የከውሰር መምህር ነኝ፤ መስመሩ ተቆርጦብን ነው፣" አለ።

ለካስ ስም አለው። እሷ ክረምቱን ሙሉ መምህሬ እንጂ ስሙን ጠርታልኝ አታውቅም።

"ይጠብቁ፣" አልኩት በሹክሹክታ። "እያነበበች ነው።"

"ለማን?"

"ለሼኋ።"

የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። "እባክዎ ቀፎውን ወደ እሷ ያዙልኝ፤ እኔም ልስማ፣" አለ።

ያዝኩለት። ክንዴ እስኪዝል ቀፎውን በአየር ላይ ዘርግቼ ቆምኩ። ጨው ሊገዛ የመጣ ሰው ደጃፉ ላይ ቀረ። ከጎረቤት ይህም ይጠበቃል ብሎ የጻፈ ወረቀት አላየሁም።

ስትጨርስ ሼሁ ዓይናቸውን ገለጡ። "ባረከላሁ ፊኪ፣ ኢንተላ ቲያ፣" አሏት፤ አላህ ይባርክሽ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ሌላ አልጨመሩም። ቀፎውን ሰጠኋት። መምህሩ ያልተነካውን ቁራጭ ምን እናድርገው ብሎ ጠየቃት፤ እሱ ሊነግራት ሲገባ እሷን ጠየቃት። ከውሰር ወደ አባቷ ዞረች። እሳቸው እንደገና ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

"ነገ ከጁምዓ በፊት እነቅለዋለሁ፣" አለች። "መዝኜ አቃጥለዋለሁ። ለአያ በድሩ ቃል አለብኝ።"

"ልክ ነሽ፣" አላት። "እንደዚያው አድርጊ።"

በማግስቱ አያ በድሩ ከጁምዓ በኋላ ያለውን ረስቶ ከነልጆቹ በጠዋት ወርዶ አብሯት ነቀለ። ሚዛኔ ቅንጬ ቅንጬ ይሸት ስለነበር በአመድ ባጥበውም አልለቅ ብሎ፣ ደንበኛዬ ሁሉ ስኳሩን እያሸተተ ነው የወሰደው። ከዚያ ወዲህ እስክትሄድ ድረስ ሐሙስ ሐሙስ የምትደውለው እሷ ሆነች።

መስከረም ላይ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘኋት። ስትሄድ ሱቁ ሰፋብኝ። አግዳሚዋ ላይ ሌላ ሰው ሲቀመጥ ያለ ቦታው የተቀመጠ ይመስለኝ ነበር።

ዩኒቨርሲቲዋ ደርሳ ብዙም ሳትቆይ አንድ ሐሙስ ስልኩ ጮኸ። ከውሰር ናት። ሰላምታውን አሳጥራ፣ "አዳዳ፣ አባን ትጠሪልኛለሽ?" አለችኝ። ሼሁ መጡ። ስልክ በእጃቸው ይዘው አያውቁምና ቀፎውን ገልብጠው ያዙት፤ አዞርኩላቸው። የተማረችውን ታነብላቸው ጀመር። ግማሹን አይረዱትም፤ ናይትሮጅን የሚሉት ነገር ስሙ ራሱ ደስ አላላቸውም፣ አንዴ "አዑዙ ቢላህ" ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ። ቢሆንም ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። "ቀጥዪ" ይላሉ።

እንዲህ ሆኖ ልማድ ሆነ። ሐሙስ ዙሁር ሰግደው፣ ሰዓቱ ገና ሳለ ይመጣሉ፤ ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው አግዳሚዋ ላይ ይቀመጣሉ። ስልኩ ሲጮህ ጥምጥማቸውን ያስተካክላሉ። ለሌላ ሰው ሲሆን ወደ ሙስበሃቸው ይመለሳሉ።

አንድ ሐሙስ ፈተና ደርሶባት ይሁን መስመር ጠፍቶባት፣ ዓሱር ቀርቦ ስልኩ ለእሳቸው አልጮኸም። ሳያቸው ሆዴ ባባ፤ አፌ ግን ልማዱን አይተውም።

"ሼህ፣ ደረሳዎ ቀረችብዎት፣" አልኳቸው። "እኔ ልደውልላት?"

"ተይ። እያነበበች ይሆናል።"

"ሰዓት ሲደርስ ይቀሰቀሳል ያሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?"

ሼሁ በደጁ አሻግረው መንገዱን አዩ። ፀሐይዋ ወደ ጨፋ በኩል አዘቅዝቃለች፣ ከሰንበቴ የሚመለሱ ግመሎች አቧራውን ይዘው ያልፋሉ። ሙስበሃቸውን አንድ ፍሬ አሳለፉ።

"ገና ነው አሻ፣" አሉኝ። "አልደረሰም።"

እኔም ሱቁን መዝጋቴን ትቼ፣ ከአግዳሚዋ ወዲያኛው ጫፍ ተቀመጥኩ።